ጮክ ብላችሁ አስቡ፦ ለሶፍትዌር ቴክኒካል ኢንተርቪው እንዴት መዘጋጀት ይቻላል

የመጀመሪያው ላይቭ ኮዲንግ (ጠያቂ እያየ ኮድ የሚጻፍበት) ኢንተርቪዬ 45 ደቂቃ ነበር። ጥያቄው ከባድ አልነበረም፤ ቤቴ ብቻዬን ብሆን በ15 ደቂቃ እጨርሰው ነበር። አነበብኩት፣ አንገቴን ደፋሁ፣ ዝም ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ጠያቂው ሁለት ጊዜ "ምን እያሰብክ ነው?" አለኝ። ሁለቱንም ጊዜ "አንድ ደቂቃ" አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሰዓቱ ሲያልቅ ኮዱ ሊሠራ ትንሽ ነበር የቀረው። ከሦስት ቀን በኋላ ኢሜይል መጣ። አጭር ነው። "እንዴት እንደምታስብ ማየት አልቻልንም" ይላል።

ያን ቀን በጣም አዘንኩ። አሁን ግን ልክ እንደነበሩ አውቃለሁ። ዛሬ አዲስ አበባ ሆኜ በሪሞት (ከርቀት) እሠራለሁ፤ አልፎ አልፎም ጠያቂ ሆኜ እቀመጣለሁ። ኢንተርቪው ካለቀ በኋላ ጠያቂው የሚሞላው ቅጽ አለ። እዚያ ላይ የሚጽፈው የሰማውንና ያየውን ብቻ ነው። በውስጣችሁ የነበረው ሐሳብ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ካልተናገራችሁት ቅጹ ላይ አይሰፍርም።

ያደግነው "ዝም አይነቅዝም" እየተባልን ነው። ታላቅ ፊት፣ መምህር ፊት፣ መልሱን እርግጠኛ ሳንሆን አፋችንን መክፈት ነውር ነው። ለብዙ ነገር ጥሩ አስተዳደግ ነው። ቴክኒካል ኢንተርቪው ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር አንድ ልምድ ላይ ያተኩራል፦ ሰው እያያችሁ ጮክ ብሎ ማሰብ።

ይሄ ከኮድ ችሎታ የተለየ ራሱን የቻለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ፈትነው ነበር። ከፊሎቹ ጠያቂ እያያቸው፣ እየተናገሩ ሠሩ። ከፊሎቹ ብቻቸውን ክፍል ውስጥ ሠሩ። ሰው እያያቸው የሠሩት ውጤት ከግማሽ በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኢንተርቪው ላይ ጭንቅላታችሁ ባዶ ሆኖባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ሰነፎች ስለሆናችሁ አይደለም። ያልተለማመዳችሁትን ነገር ስለተጠየቃችሁ ነው። መልመድ ደግሞ ይቻላል።

1. ሰዓቱን፣ ስማችሁንና መብራቱን አስተካክሉ

ግብዣው ሲመጣ መጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሩ። የፈረንጁ 9:00 የእኛ 3 ሰዓት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የሚያሳስተው ሌላው ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ሰዓታችንን አንነካም። አሜሪካና አውሮፓ ግን በዓመት ሁለቴ ያዞራሉ። ከኒውዮርክ ጋር ያለን ልዩነት በሙቀት ወራታቸው 7 ሰዓት፣ በብርዱ ወራት 8 ሰዓት ነው። ከበርሊን ጋር ደግሞ 1 እና 2 ነው። የሚያዞሩበት ቀንም አንድ አይደለም፤ አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሁድ ስታዞር አውሮፓ የማርችን የመጨረሻ እሁድ ትጠብቃለች። በእነዚህ ሳምንታት የተያዘ ቀጠሮ ካላችሁ ሁለቴ አረጋግጡ።

ስትመልሱ "22:00 በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ትክክል ነኝ?" ብላችሁ ጻፉ። በጥር ወር የኒውዮርክ ከሰዓት በኋላ 2:00 የእኛ ማታ 4 ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን የሚከፈትበት ሰዓት ስለሆነ ለቤተሰብ ከቀኑ ጀምራችሁ ንገሩ።

ስማችሁንም አስቡበት። ቅጹ "የቤተሰብ ስም" ሲል የአባታችንን ስም እንሞላለን። ከዚያ ሰውዬው በአባታችን ስም ይጠራናል። እኔ ማረም አፍሬ አንድ ሙሉ ሰዓት በአባቴ ስም ተጠርቻለሁ። ሰው የራሱ ባልሆነ ስም እየተጠራ ዘና ብሎ ማውራት ይከብደዋል። ገና ስትገናኙ "እገሌ በሉኝ፣ ሁለተኛው የአባቴ ስም ነው" በሉ። አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን። ራውተሩ ከመብራት ጋር አብሮ እንደሚጠፋ አትርሱ፤ ስልካችሁ ላይ ፓኬጅ ገዝታችሁ ሆትስፖቱን ቀድማችሁ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙት። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ካላችሁ ሁለቱም ላይ ዳታ ይኑር። የጠያቂውን ኢሜይል ስልካችሁ ላይ ክፍት አድርጉት። መስመር ከተቋረጠ ወዲያው አንድ መስመር መልእክት ላኩ፦ "መብራት ሄዶብኝ ነው፣ በሁለት ደቂቃ እመለሳለሁ"። ይሄን የላከ ሰው ላይ የሚጨክን ጠያቂ አላየሁም። ድምፁን አጥፍቶ የጠፋውን ግን ማንም አያውቅለትም።

2. የመጀመሪያውን ስልክ ለመጠየቅ ተጠቀሙበት

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደውለው ቀጣሪው ክፍል ነው፤ ኮድ አይጠይቅም። ስለራሳችሁ በሁለት ደቂቃ ተናገሩና ጥያቄ ወደ መጠየቅ ግቡ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። ስንት ዙር አለ? ኮዱ የሚጻፈው በየትኛው ቋንቋ ነው? የራሴን ኤዲተር ልጠቀም ወይስ የእናንተን ገጽ? ኮዱ ይሮጣል ወይስ ጽሑፍ ብቻ ነው? ዶክመንቴሽን ማየት ይፈቀዳል? ቻትጂፒቲን የመሰለ ነገርስ? እነዚህን መጠየቅ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። እንዲያውም አብዛኞቹ ለመጪው ዙር ምን ማዘጋጀት እንዳለባችሁ በደስታ ይነግሯችኋል።

ስለ ኤአይ አንድ ነገር ልበል። ካልተፈቀደ አትጠቀሙ። ጠያቂ ሆኜ ሳይ ዓይን ወደ ጎን ሲሄድ፣ ከዚያ መልሱ እንደ ጋዜጣ ሲነበብ ይታወቀኛል። "ይሄን መስመር ለምን እንዲህ አደረግከው?" ስል ደግሞ ዝም ይባላል። ብዙ የለፋ ልጅ በዚህ ምክንያት ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል።

3. ስድስት ሳምንት ስጡት፣ ግን ብቻችሁን አትለማመዱ

ሊትኮድ በሚባለው የኮድ ጥያቄ መለማመጃ ድረ ገጽ ላይ 500 ጥያቄ መሥራት አያስፈልግም። በቀን ሁለት በደንብ የተሠራ ይበቃል። መጀመሪያ ሊስት (ዝርዝር) እና ስትሪንግ (ጽሑፍ)፣ ዲክሽነሪ (በቁልፍ ፈልጎ ቶሎ የሚያገኝ መዝገብ)፣ ስታክና ኪው (ዳታ በተራ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው)፤ ቀጥሎ ባይነሪ ሰርች (ለሁለት እየከፈሉ መፈለግ)፣ ትሪ (እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው ዳታ)፣ ግራፍ (እርስ በርስ የተያያዙ ነጥቦች)። ለጀማሪና ለመካከለኛ ሥራ ከዚህ ብዙም አይወጡም። ግን ምክንያቱን እወቁ። ባይነሪ ሰርች ፈጣን ነው ማለት አይበቃም። በየእርምጃው ግማሹን ስለሚጥል በቅደም ተከተል ከተደረደረ አንድ ሚሊዮን ቁጥር ውስጥ ቢበዛ በ20 እርምጃ ያገኛል። እንዲህ በቁጥር የሚያወራ ሰው ነገሩ እንደገባው ያስታውቃል።

እንቆቅልሽ በመፍታት ግን ጊዜያችሁን አታጥፉ። "አውቶብስ ውስጥ ስንት የጎልፍ ኳስ ይገባል" የሚባለው ዓይነት ጥያቄ ድሮ ዝነኛ ነበር። የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበሩት ላዝሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2013 እነዚህ ጥያቄዎች የማይረቡ መሆናቸውን በይፋ ተናግረዋል።

አሁን ዋናው። ሰው ፈልጉ። አዲስ አበባ ውስጥ በአፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ (ተማሪዎችን ለትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ኢንተርቪው በሚያዘጋጀው) ፕሮግራም ያለፉ ተማሪዎች ካወቃችሁ ጠይቋቸው፤ እርስ በርስ መጠያየቅን የሥልጠናቸው አካል አድርገው ይዘውታል። እንደዚያ ዓይነት ሰው ከሌለ ግን ኮድ የማያውቅ ሰውም ይሆናል። እኔ የተለማመድኩት ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። አካውንቲንግ ነው የተማረችው። ማታ ከእራት በኋላ ከፊቴ ትቀመጥና ስልኳ ላይ ሰዓት ትይዛለች። ሕጉ አንድ ነው፦ 30 ሰከንድ ዝም ካልኩ ጠረጴዛውን በማንኪያ ትመታለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ማንኪያው አላረፈም። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። እያደር ግን የሚባለው ነገር ቀላል እንደሆነ ገባኝ። "አሁን ይሄን ሊስት እያየሁ ነው። ሁለት ጊዜ መዞር የሚያስፈልግ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ቆይ፣ በትንሽ ምሳሌ ልሞክረው።" ይኸው ነው። በሦስተኛው ሳምንት እህቴ "እዚህ ጋ መጀመሪያ ካልከው ጋር አይጣላም?" ማለት ጀመረች። ልክ ነበረች፤ ባግ (የኮድ ስህተት) ነበር። አንድም መስመር ኮድ ሳታነብ፣ ንግግሬን ሰምታ ብቻ አገኘችው።

በእንግሊዝኛ ተለማመዱ። በአማርኛ እያሰባችሁ በእንግሊዝኛ ለማውራት የምትሞክሩ ከሆነ ቀኑ ላይ አፋችሁ ይታሰራል። "አንድ ደቂቃ ላስብ"፣ "ጥያቄውን ትደግምልኛለህ?"፣ "ልክ ተረድቼህ ከሆነ..." የሚሉትን ሐረጎች በእንግሊዝኛ እስኪያንገሸግሿችሁ ድረስ በሏቸው። አክሰንት አያሳስባችሁ። ቀስ ማለት ይበቃል።

4. ቀኑ ላይ፦ ኪቦርዱን ለአምስት ደቂቃ አትንኩ

ጥያቄው ይሄ ነው እንበል። የዕቃ ዋጋዎች ተሰጥተዋል፦ 120፣ 340፣ 75፣ 160፣ 380። ድምራቸው በትክክል 500 ብር የሚሆን ሁለት ዋጋ አውጡ።

መጀመሪያ ጥያቄውን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩት። ከዚያ ጠይቁ። ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል? አንዱን ዕቃ ሁለቴ መውሰድ ይፈቀዳል? ምንም ጥንድ ከሌለ ምን ልመልስ? ከአንድ በላይ ጥንድ ቢኖርስ? ይቺ የመጨረሻዋ ዋጋ አላት። ዝርዝሩን እዩት፤ 120 እና 380፣ 500 ናቸው። 340 እና 160ም 500 ናቸው። ብዙ ሰው አንዱን አይቶ ይሮጣል።

ቀጥሎ ቀላሉን መንገድ ተናገሩ፤ አትናቁት። "እያንዳንዱን ዋጋ ከእሱ በኋላ ካሉት ሁሉ ጋር እደምራለሁ። ይሠራል፣ ግን ይዘገያል። 100 ሺህ ዕቃ ቢኖር ወደ 5 ቢሊዮን የሚጠጋ ጥንድ ማየት ሊኖርብኝ ነው።" እዚህ ላይ ጠያቂው አንድ የሚሠራ መልስ እንዳላችሁ አውቋል። ቀሪው ማሻሻል ነው። ልባችሁም ትንሽ ይረጋጋል።

አሁን የተሻለውን፣ በዲክሽነሪ። በእጅ እየሄዳችሁ ተናገሩት። "120 ላይ ነኝ። 500 ለመሙላት 380 ይጎድለኛል። እስካሁን 380 አይቻለሁ? አላየሁም። 120ን መዝግቤ አልፋለሁ። 340፤ የሚጎድለው 160፤ አላየሁም፤ መዘገብኩ። 75፤ የሚጎድለው 425፤ የለም፤ መዘገብኩ። 160፤ የሚጎድለው 340። አይቼዋለሁ። መልሱ 340 እና 160።" አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዝርዝሩን ያለፍነው። 100 ሺህ ዕቃ ቢሆን ቢበዛ 100 ሺህ እርምጃ ነው።

አሁን አስተውሉ። የመጀመሪያው መንገድ ቀድሞ የሚያገኘው 120 እና 380ን ነው። ሁለተኛው 340 እና 160ን አመጣ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ መልሳቸው ግን ይለያያል። "ከአንድ በላይ ቢኖርስ?" ብላችሁ ያልጠየቃችሁ ከሆነ እዚህ ትደነግጣላችሁ። ጠይቃችሁ ከሆነ ደግሞ "የፈለግከውን መልስ ብለኸኛል፣ ስለዚህ ችግር የለውም" ትላላችሁ።

አንድ ወጥመድም አለ። መጀመሪያ ፈትሹ፣ ቀጥሎ መዝግቡ። ተገላቢጦሽ ካደረጋችሁት፣ ዝርዝሩ ውስጥ አንድ 250 ቢኖር የሚጎድለውን 250 ይፈልግና ራሱን ያገኛል። አንዱን ዕቃ ሁለቴ ገዛችሁ ማለት ነው። ይሄን ጠያቂው ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ብትሉት ቅጹ ላይ ይጻፋል። እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ።

የከፈላችሁትንም ተናገሩ፦ ፍጥነት አገኘን፣ በምትኩ ሜሞሪ ጨመርን። ከዚያ ኮዱን ጻፉ። "ጨረስኩ" ከማለታችሁ በፊት በባዶ ዝርዝርና አንድ ዕቃ ብቻ ባለው ዝርዝር በእጃችሁ አስኪዱት።

5. ሲያቅታችሁ

ያቅታችኋል። ሁሉንም ሰው ያቅተዋል። ያኔ የሞከራችሁትን፣ የት እንደቆማችሁና የሚያግዳችሁ ምን እንደሆነ ተናገሩ። "ዲክሽነሪ ሞክሬ ነበር፣ ግን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ አይይዝልኝም። ደርድሮ የሚይዝ ነገር እየፈለግኩ ነው።" ይሄን የሰማ ጠያቂ ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጩን ተቀበሉ፤ ልመና አይደለም። ፍንጭ ሰጥቼው ይዞት የሚሮጥ ሰው ነገ አብሮኝ መሥራት የሚችል ሰው ነው። ፍንጩን ሰምቶ ወደ ራሱ መንገድ የሚመለሰው ነው የሚያሰጋኝ።

የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ ግን እዚያ አትቁሙ። "ዳታቤዝ ላይ ኢንዴክስ ለምን መጻፍን ያዘገያል?" ቢሏችሁና ባታውቁት፣ "እርግጠኛ አይደለሁም። ኢንዴክስ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ከሆነ ግን አዲስ ነገር በተጻፈ ቁጥር ማውጫውም መታደስ ስላለበት ይመስለኛል" ብትሉ መልሱን አግኝታችኋል።

6. ሲስተም ዲዛይን፦ በምታውቁት ነገር ተለማመዱ

እዚህ ዙር ላይ የምትጠየቁት ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ትልቅ ሥርዓት እንዴት እንደሚገነባ ነው፤ የውጭ አፕሊኬሽን ብቻ አትሸምድዱ። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅበትን ቀን አስቡ። ሁሉም ተማሪ በአንድ ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። እንበል 600 ሺህ ተማሪ በ10 ደቂቃ ውስጥ ገባ። በሰከንድ 1,000 ጥያቄ ነው። ገጹ ሲዘገይበት እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ቢጫን 5,000 ሆነ። ሰርቨሩ ለምን እንደሚተኛ ከዚህ ስሌት ብቻ ይታያል።

ከዚያ የነገሩን ባሕርይ ፈልጉ። ውጤት አንዴ ከወጣ አይለወጥም። ሁሉም ያነባል፣ ማንም አይጽፍም። ስለዚህ ዳታቤዙን በየጊዜው መጠየቅ አያስፈልግም፤ አስቀድሞ ካሽ (ቶሎ የሚነበብ ጊዜያዊ ማከማቻ) ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ፍለጋው በመለያ ቁጥር ብቻ ስለሆነ አንድ ኢንዴክስ ይበቃል። ጠያቂው መስማት የሚፈልገው ይሄን ዓይነት ምክንያት ነው። የመሣሪያ ስም መደርደር ሩቅ አያስኬድም።

7. ስለ ሥራችሁ ስታወሩ "እኔ" በሉ

"ያጋጠማችሁን ከባድ ችግር ንገሩኝ" ሲባል የእኛ ሰው "እንዲህ አድርገን፣ እንዲህ ሠርተን" ይላል። ራስን ማስቀደም ስለማንወድ ነው፤ መልካም ጠባይ ነው። ጠያቂው ግን የሚቀጥረው ቡድናችሁን ሳይሆን እናንተን ነው። "ቡድኑ አምስት ሰው ነበር፤ የክፍያውን ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ክፍያ ሁለቴ የሚቆርጥ ባግ አግኝቼ በዚህ መንገድ አስተካከልኩት" ማለት ጉራ አይደለም። አራት ታሪክ አዘጋጁ፦ አንድ የተሳካ፣ አንድ የወደቀ፣ አንድ ከሰው ጋር ያልተስማማችሁበት፣ አንድ በችኮላ የተማራችሁት። እያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ምን ነበር፣ የእናንተ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ተገኘ።

ደመወዝ ሲነሳ በወር ነው በዓመት፣ የተጣራ ነው ያልተጣራ ብላችሁ ለዩ። እኛ በወር ስንቆጥር አሜሪካኖቹ በዓመት ይናገራሉ፤ ቁጥሩን በጥድፊያ ከመናገራችሁ በፊት በ12 አካፍሉ።

8. ካለቀ በኋላ

በዚያው ማታ፣ ሳትተኙ፣ የተጠየቃችሁትን ጻፉ። ጥያቄውን፣ የመለሳችሁትን፣ የተደናቀፋችሁበትን ቦታ። በማግስቱ ለጠያቂው ሁለት መስመር የምስጋና ኢሜይል ላኩ። ያቃታችሁ ጥያቄ መልስ እስከዚያ ከመጣላችሁ እሱንም ጨምሩበት፤ እኔ አንዴ አድርጌው መልካም ምላሽ አግኝቻለሁ።

"አዝናለሁ" የሚል ኢሜይል ከመጣ የት ጋ እንደጎደላችሁ ጠይቁ። ሁሉም አይመልሱም። ውጤቱ የእናንተ መጨረሻ እንዳይመስላችሁ። ሆምብሩ የሚባለውን፣ ብዙ የማክ ተጠቃሚ ዲቨሎፐር የሚገለገልበትን ሶፍትዌር የፈጠረው ማክስ ሃውል እ.ኤ.አ. በ2015 ጉግል እንዳልተቀበለው በአደባባይ ጽፎ ነበር። ያነሳውም ሰሌዳ ላይ ባይነሪ ትሪ ገልብጥ መባሉን ነው።

እኔ ከዚያች የመጀመሪያ ኢሜይል በኋላ አራት ኢንተርቪው ወድቄያለሁ። ደብተሩ አሁንም አለኝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት ስለ ኮድ ምንም የለውም። "ሁለቴ ጠየቀኝ፣ ሁለቴ አልመለስኩለትም" ይላል። አምስተኛው ገጽ ላይ የእህቴ እጅ ጽሑፍ ነው፦ "ዛሬ ማንኪያው አልተመታም"። ሥራውን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው።